ምግብም ባላንጣም ያልሆነ ጎረቤት፦ ለአዳኝ የገንዳ ዓሦች ደባል ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእስ መጀመሪያ ሲሰማ የመዝናኛ ወግ ሊመስል ይችላል። ሰፊ አፍና ኃይለኛ ጠባይ ያለውን ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ከማን ጋር እናኑር? ጥያቄው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ አጭር ጥያቄ በቂ መልስ ለመስጠት የእንስሳት ጠባይ ጥናትን፣ የአካል ቅርፅና ተግባር ጥናትን፣ የውሃ ኬሚስትሪንም በአንድነት መጥራት ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ዓሣ ለሚያኖሩ ወገኖች ደግሞ ጉዳዩ ከመዝናኛም ያልፋል። ከኃይለኛ ጎረቤት ጋር ተዘግቶበት ከማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ የሚውል ዓሣ ስለ ዝርያው ጤናማ ኑሮ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ እድገቱን ብንለካ፣ አመጋገቡንም ብንመዘግብ፣ የመዘገብነው ፍርሃቱን ነው።

ደባል ስለ መምረጥ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «ይህ ዝርያ ከዚያ ዝርያ ጋር ይስማማል» የሚል ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሁኔታው ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ይሳሳታል። እኔ በዚህ ንግግር የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ከሠንጠረዡ አስቀድመን «አዳኙ ዓሣ ይህንን ደባል ሲመለከት የሚያየው ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን የሚል ነው። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ምግብ ያያል፤ ባላንጣ ያያል፤ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ፣ ሊያልፈው የሚችል ፍጡር ያያል። የእኛ ሥራ ይህን ሦስተኛውን ማግኘት ነው።

አደንና ጠብ ሁለት ነገሮች ናቸው

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ሌላውን የሚበላ ዓሣም፣ ሌላውን የሚደበድብ ዓሣም «ክፉ ዓሣ» ይባላል። በሳይንስ ዓይን ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው፤ መነሻቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው በሳይንሳዊ ስሙ ፕቴሮይስ የተባለው፣ በተለምዶ «አንበሳ ዓሣ» የሚሉት፣ ረጃጅምና መርዛማ እሾህ ያለው የባሕር ዓሣ ነው። ጠባዩ ዝግ ያለ ነው፤ ለአፉ ከማይመጥኑት ትልልቅ ጎረቤቶቹ ጋር ብዙ ጊዜ በሰላም ይኖራል። በአፉ የሚገባውን ዓሣ ግን ያለ ምንም የጠብ ምልክት ቀስ ብሎ ይጠጋና በአንድ ጊዜ ይውጠዋል። ሁለተኛው ምሳሌ በማላዊ ሐይቅ ዓለታማ ዳርቻ የሚኖሩት፣ «ምቡና» የሚባሉት የሲክሊድ ዓሦች ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዓለት ላይ አልጌ እየፋቁ የሚመገቡ ናቸው። ነገር ግን አንድ ወንድ ምቡና ግዛቱን የደፈረበትን ሌላ ወንድ በጠባብ ገንዳ ውስጥ እስኪሞት ድረስ ሊያሳድደው ይችላል። የመጀመሪያው ጠብ ሳይኖረው ይገድላል፤ ሁለተኛው መብላት ሳይፈልግ ይገድላል።

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ስለ ጠበኝነት በሚናገር መጽሐፉ ይህን ልዩነት አጥብቆ አሳይቷል። ጠበኝነት በዋናነት በአንድ ዝርያ አባላት መካከል የሚታይ ነው፤ አዳኝ ለሚያድነው እንስሳ ያለው ዝንባሌ ግን የምግብ ዝንባሌ ነው ሲል ተከራክሯል። ጠበኝነት በውስጥ ተጠራቅሞ የሚገነፍል ኃይል ነው የሚለው ሌላው አሳቡ በኋላ ብዙ ትችት ደርሶበታል። በአደንና በጠብ መካከል ያሰመረው መስመር ግን ዛሬም ለሥራችን ይጠቅመናል። ለአደን መፍትሔው የአካል መጠን ነው፤ ለጠብ መፍትሔው ቦታ፣ መደበቂያና የተለየ መልክ ነው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም አይቻልም። ምንም ያህል መደበቂያ ብንሠራ የሚዋጥ ዓሣ አንድ ሌሊት ይዋጣል፤ ምንም ያህል ትልቅ ዓሣ ብናመጣም ባላንጣ ከሆነ ይደበደባል፤ ወይም ይደበድባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በአፉ ይገባልን?

አብዛኞቹ አዳኝ ዓሦች የያዙትን ሳያኝኩ ሙሉውን ይውጣሉ። ስለዚህ የአደናቸውን ወሰን የሚያበጀው የአፋቸው ስፋት ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ደባሉን በርዝመቱ መለካት ነው። ወሳኙ ልኬት ግን ከጀርባ እስከ ሆድ ያለው የአካል ቁመት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ዓሣ በቀላሉ ሊዋጥ ሲችል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ እንደ ሰሐን ክብ ዓሣ በጉሮሮ አያልፍም።

ይህ በተፈጥሮም የተፈተነ ነው። ብሮንማርክና ማይነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ክሩሺያን ካርፕ የተባለው የአውሮፓ ዓሣ ፓይክ ከሚባለው አዳኝ ጋር በአንድ ኩሬ ሲኖር የአካሉ ቁመት እንደሚጨምር አሳይተዋል። አዳኝ በሌለበት ኩሬ ያደገው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ አዳኝ ባለበት ያደገው ግን ለመዋጥ አስቸጋሪ የሆነ ቅርፅ ይይዛል። ካርፑ በአካሉ የሚሰጠውን መልስ እኛ በምርጫችን መስጠት አለብን።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይከተላሉ። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ኦስካር የተባለው የደቡብ አሜሪካ ሲክሊድ ለገበያ ሲቀርብ ከጣት የማይበልጥ ርዝመት አለው፤ በመልካም አያያዝ ግን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከ25 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ፣ በመጨረሻም 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ደባሉ የሚለካው ዛሬ ባለው አፍ ሳይሆን ነገ በሚኖረው አፍ ነው። ለወራት በሰላም የኖሩ ትንንሽ ዓሦች አንድ ማለዳ ቢጠፉ የአዳኙ ጠባይ ተለወጠ ማለት አይደለም፤ አፉ ሰፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ እሾህን ይመለከታል። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉት ለሰው ነበር፤ ለአዳኝ ዓሣም ይሠራል። ኮሪዶራስ የተባሉት ትንንሽ የደቡብ አሜሪካ የአምባዛ ዘመዶች፣ እንዲሁም በባሮ ወንዝና በጫሞ ሐይቅ ጭምር የሚገኙት የሲኖዶንቲስ ወገን ዓሦች፣ ሲያዙ የጀርባና የጎን ክንፎቻቸውን እሾህ ዘርግተው ይቈልፋሉ። ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት አዳኝ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ከያዘው ዓሣ ጋር አብሮ ሊሞት ይችላል። «ትንሽ ቢሆንም ጋሻ አለው» ብሎ የታጠቀ ትንሽ ዓሣ መጨመር ሁለቱንም ማጣት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ባላንጣ ይመስለዋልን?

ደባሉ በአፍ የማይገባ ሆኖ ተገኘ እንበል። አሁን ወደ ጠብ እንመጣለን። ግዛት የሚይዝ ዓሣ ከሁሉ አብልጦ የሚጣላው የሚፈልገውን ከሚፈልግበት ጋር ነው፤ ያንኑ ዋሻ፣ ያንኑ ምግብ፣ ያችኑ እንስት። ይህን ሁሉ የሚፈልግበት ከማንም በላይ የራሱ ዝርያ ነው። ቀጥሎ የሚጠላው ራሱን የሚመስለውን ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ሲክሊዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ወንዶቹ የራሳቸውን ዓይነት ቀለም ባለው ወንድ ላይ ይበልጥ ይበረታሉ። ከዚህ የምንወስደው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ደባሉ በቅርፅ፣ በቀለም፣ በሚውልበት የውሃ ክፍልና በአመጋገቡ ከአዳኙ በተለየ መጠን ባላንጣ ሆኖ የመታየቱ ዕድል ያንሳል።

በዱር ብዙ አዳኞች በአንድ ውሃ እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ወደ ጣና ሐይቅ መመልከት ይበቃል። በጣና ከሚኖሩት 15 የላቢዮባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በሎች ናቸው። አብረው የሚኖሩት ተስማምተው ሳይሆን ተከፋፍለው ነው። አንዱ በዳርቻ፣ ሌላው በሐይቁ መካከል፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው ወደ ላይ ያድናል። ለዚህም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። እኛ ግን የምንሰጠው ጥቂት መቶ ሊትር ነው። ስለዚህ «በተፈጥሮ አብረው ይኖራሉና በገንዳም ይኖራሉ» የሚለው ክርክር አይጸናም።

ገንዳው የሚነፍገው ትልቁ ነገር ከስፋትም ይልቅ ሽሽት ነው። በዱር የሁለት ዓሦች ጠብ በአብዛኛው የሚያበቃው ተሸናፊው ከአሸናፊው ዓይን ሲሰወር ነው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ተሸናፊው ቢሸሽም ከዓይን አይጠፋም። አሸናፊው ደግሞ በፊቱ መቈየቱን እንደ ቀጠለ ፉክክር ይቈጥረዋል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ሊያልቅ የሚገባው ጠብ ሳምንት ይዘልቃል። ዓለት፣ ሥርና ግንድ ስንደረድር ዋናው ዓላማ ውበት አይደለም፤ አንዱ ዓሣ ሌላውን የማያይበት ማእዘን ማበጀት ነው።

ሽንፈት ደግሞ ተመልካች አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ግሮሰኒክ፣ ክሌመንትና ፈርናልድ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት አስታቶቲላፒያ በርቶኒ የተባለው የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊድ የሌሎችን ጠብ ከመስታወት ባሻገር ቆሞ በመመልከት ብቻ፣ ገጥመው ከማያውቁ ሁለት ወንዶች ደካማው የትኛው እንደሆነ መለየት እንደሚችል አሳይተዋል። በገንዳችን ሁሉም ዝርያ ይህን ያደርጋል ለማለት ማስረጃው አይፈቅድልኝም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሸነፈ ዓሣ ከአንዱም ከሌላውም ዱላ ሲበዛበት ስናይ፣ ጎረቤቶቹ ሽንፈቱን ሳያስተውሉ አልቀሩም ብለን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የመግቢያ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። ቀድሞ የገባ ዓሣ ቦታውን የራሱ ያደርገዋል፤ በራሱ ግዛት የሚዋጋም የማሸነፍ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ የተሻለው ሥርዓት ሰላማዊውን አስቀድሞ፣ ኃይለኛውን አስከትሎ ማስገባት ነው። ኃይለኛው አስቀድሞ የገባ ከሆነ፣ አዲሱ በሚገባበት ቀን የገንዳውን ዓለትና ግንድ እንደገና መደርደር የቀድሞውን ድንበር ያፈርሳል፤ ሁለቱም በእንግድነት ይጀምራሉ።

ምቡና የሚያኖሩ ሰዎች ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ዓሦቹን በቁጥር አብዝተው ዱላው በአንዱ ላይ እንዳይከማች ያደርጋሉ። ዘዴው ለእነዚያ መካከለኛ መጠን ላላቸው ዓሦች፣ ብርቱ ማጣሪያ ሲኖር፣ ይሠራል። ለትልልቅ አዳኞች ግን አይሆንም። ምክንያቱ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ይመራናል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ አንድ ውሃ ይበቃቸዋልን?

አዳኝ ዓሣ ምግቡ ፕሮቲን ነው፤ የፕሮቲን ቃጠሎ ትርፍ ደግሞ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ የባክቴሪያ ማኅበር በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪቋቋም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ናይትሬቱን የምናስወግደው በዋናነት ውሃውን በከፊል በየጊዜው በመለወጥ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ደባል በዚህ ሥርዓት ላይ የሚጨመር ሸክም ነው።

የውሃው ዓይነትም ይመዝናል። የአማዞን ዓሦች ለስላሳና ከገለልተኛ ያልራቀ ወይም ጥቂት አሲዳማ ውሃ የለመዱ ናቸው፤ የማላዊና የታንጋኒካ ዓሦች ግን ጠንካራና አልካላይ ውሃ ይሻሉ። ሁለቱን በ«መካከለኛ» ውሃ ማኖር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ማስከፋት ነው። በዚህ ላይ የአሞኒያ መርዛማነት ከፒኤች ጋር ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል በፒኤች 7 ላይ 0.6 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በፒኤች 8 ላይ ወደ 5 በመቶ ከፍ ይላል። በአንዱ ገንዳ የታለፈ ቸልተኝነት በሌላው ገንዳ የማይታለፈው ለዚህ ነው።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፦ የኦስካር ደባል

እስካሁን የተናገርሁትን በአንድ ምሳሌ እንፈትን። ሉዊ አጋሲ እ.ኤ.አ. በ1831 በሳይንስ የገለጸው ኦስካር፣ በሳይንሳዊ ስሙ አስትሮኖተስ ኦሴላተስ፣ ሰው የሚለምድ፣ ሰፊ አፍ ያለው፣ ግዛት ጠባቂ ዓሣ ነው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ለአንድ ኦስካር ብቻ 300 ሊትር ያህል፣ ደባል ሲኖረው ወደ 500 ሊትርና ከዚያ በላይ ይመድባሉ። እጩዎቹን በተራ እንያቸው።

ኒዮን ቴትራ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። ኮሪዶራስም በእሾሁ ምክንያት በዚያው ይወድቃል።

ምቡና ጠብን የሚቋቋም ብርቱ ዓሣ ነውና ብዙዎች ይመርጡታል። ነገር ግን በሦስተኛው ጥያቄ ይወድቃል፤ ውሃው ሌላ፣ ምግቡም ሌላ ነው።

ኮንቪክት ሲክሊድ የተባለው የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣ ከኦስካር እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ተባዕትና እንስት ተጣምረው እንቁላል ሲጥሉ፣ ጫጩቶቻቸውን ለመጠበቅ ትልቁን ኦስካር ወደ አንድ ጥግ ይገፉታል። እዚህ ላይ ኃይልን በመጠን መለካት ያሳስታል፤ ወላጅነት ትንሹን ዓሣ ያገዝፈዋል።

ቀይ ሆድ ያለው ፒራንያ የኦስካር የሀገር ልጅ ነው። ይሁን እንጂ የሌሎችን ክንፍና ቅርፊት መንጨት የአመጋገቡ ክፍል ነው። በኦስካር ጅራት ሥር ያለው ዓይን መሰል ነጥብ ራሱ እንዲህ ያሉ ነካሾችን ለማሳሳት የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም ብለው የሚያስረዱ ተመራማሪዎች አሉ። ከአንድ ወንዝ መምጣት የስምምነት ማስረጃ አይደለም ማለት ነው።

ሲልቨር ዶላር የተባለው ዓሣ ደግሞ፣ የፒራንያ ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ በዋናነት ዕፅ በል ነው። ሲያድግ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አካሉ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ ለመዋጥ አይመችም፤ በመንጋ በክፍት ውሃ ይዋኛል፤ ግዛት አይሻማም፤ ውሃውም ከኦስካር ጋር አንድ ነው። አድጎ ከገባና አምስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከኖረ ሦስቱንም ጥያቄ ያልፋል። ከታች ደግሞ ጋሻ ለባሹ ትልቅ ፕሌኮ አድጎ ሲገባ ሊያገለግል ይችላል፤ ግን እርሱም ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል፣ የሚያፈሰውም ቆሻሻ ብዙ ስለሆነ፣ የውሃው ሒሳብ እንደገና መሠራት አለበት።

ሠንጠረዡ «ሲልቨር ዶላር ይስማማል» ብሎ ያቆማል። እኛ ግን አሁን ለምን እንደሚስማማ፣ መቼም ስምምነቱ እንደሚፈርስ ማወቅ እንችላለን፤ ትንሽ ሳለ ከገባ፣ ብቻውን ከገባ፣ ወይም ገንዳው ከጠበበ።

ከምርጫ በኋላ ያለው ሥራ

ከትክክለኛ ምርጫ በኋላም የግለሰብ ዓሣ ጠባይ ይቀራል። ሁለት ኦስካሮች አንድ ዝርያ ሆነው ሳለ አንዱ ታጋሽ፣ ሌላው ነዝናዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማናቸውም ደባልነት ሙከራ ነው፤ ሙከራም ክትትል ይሻል። አዲሱ ዓሣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በተለየ ማቆያ ገንዳ ይቈይ፤ በሽታ ካለው ይታወቃል። ወደ ዋናው ገንዳ ሲገባ ከተቻለ ውሃ በሚያሳልፍ መከለያ ለጥቂት ቀናት ይለይ። ከዚያም የተቀደደ ክንፍ፣ የደበዘዘ ቀለም፣ በአካል ላይ የታጠፈ ክንፍ፣ የፈጠነ ትንፋሽ፣ በውሃው ገጽ ወይም በጥግ ተወሽቆ መዋል፣ ምግብ መተው ይታያሉ ወይ ብሎ በየቀኑ መመልከት ያስፈልጋል። ቁስል ባይታይም ዘላቂ ፍርሃት በሽታ የመቋቋም አቅምን ያዳክማልና፣ ቁስል እስኪታይ መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው። መለያያ ገንዳ ሳያዘጋጁ ደባል ማስገባትም መውጫ ሳያበጁ መግባት ነው።

አንዳንድ ጊዜ የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ «ማንም አይሆንም» የሚል ይሆናል። ይህም መልስ ነው። አድጎ ብቻውን የሚኖር ኦስካር እንደ መንጋ ዓሣ በብቸኝነት የሚጎዳ አይደለም፤ ደባል የምንጨምረው ብዙ ጊዜ ለእርሱ ሳይሆን ለእኛ ዓይን ነው። የሌላ ፍጡር ሕይወት ደግሞ ለዓይናችን ማስጌጫ ብቻ ሊሆን አይገባም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ደባልነቱ ሲፈርስና አዳኙ ከገንዳው ሲበልጥ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ እንደ ርኅራኄ ይታያል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። በፓናማ ጋቱን ሐይቅ፣ ሲክላ የተባለው የአማዞን አዳኝ ሲክሊድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኩሬ አምልጦ ከገባ በኋላ የሀገሩ ትንንሽ ዓሦች ከብዙው የሐይቁ ክፍል መጥፋታቸውን ዛሬትና ፔይን በ1973 አስታውቀዋል። በመጀመሪያ ያነሳሁት አንበሳ ዓሣም በ1985 በፍሎሪዳ ባሕር ከታየ ወዲህ በምዕራብ አትላንቲክና በካሪቢያን ተስፋፍቷል፤ መነሻውም ከገንዳ የተለቀቁ ዓሦች መሆናቸው በሰፊው ይታመናል። በገንዳ ውስጥ የተሳሳተ ምርጫ የሚጎዳው ጥቂት ዓሦችን ነው፤ ወደ ውጭ የተለቀቀ ስሕተት ግን ሐይቅን ይጎዳል። የጣናን ዓሣ በሎች የመሰለ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ ሀብት ያለን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናስብበት ይገባል።

እንግዲህ ደባል ከመምረጣችን በፊት ሦስቱን እንጠይቅ። በአፉ ይገባልን? ባላንጣ ይመስለዋልን? አንድ ውሃ ይበቃቸዋልን? ከሦስቱ በአንዱ እንኳ መልሱ ካላረካን፣ ገንዳው ባለበት ይቈይ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።